የመነኩሴውን «አስማት» በጣና ዳር መድገም፦ ለሳይንስ ክበብ መምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

በጎጃምም ሆነ በጎንደር በኩል በትምህርቱ የገፋ ደብተራ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስም አለው። በጉባኤ ቤት ባለ ቅኔ፣ መጽሐፍ አዋቂ፣ ባሕረ ሐሳብ ቆጣሪ ይባላል፤ ከጉባኤ ቤቱ አጥር ውጭ ግን ይኸው ሰው ጋኔን ጎታች ነው፤ ሌሊት ጣናን በእግሩ ይሻገራል፤ የተቀየመውን ሰው ማሳ በበረዶ ያስመታል። ሁለተኛው ስም ከመጀመሪያው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል፤ ምክንያቱም ቅኔውን ለመረዳት ዓመታት መማር ሲያስፈልግ ወሬውን ለመቀባበል ግን አንድ የቡና ሰዓት ይበቃል።

ሮጀር ቤከን የተባለው እንግሊዛዊ መነኩሴ የደረሰበት ነገርም ከዚህ ብዙ አይለይም። ቤከን እ.ኤ.አ. ከ1214 እስከ 1220 ባለው ጊዜ ውስጥ ተወልዶ በ1292 ገደማ ያረፈ፣ በኦክስፎርድ ተምሮ በፓሪስ ያስተማረ፣ በ1250ዎቹ አጋማሽ ገደማ ወደ ፍራንሲስካን መነኮሳት ማኅበር የገባ ሊቅ ነው። በእኛ አገር አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያስተምሩበት ከነበረው፣ ይኩኖ አምላክም በ1270 ከነገሠበት ዘመን ጋር ይገጥማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው የብርሃንን ጠባይ ሲመረምር፣ ቀስተ ደመናን ሲለካ፣ የዘመን አቆጣጠርን ስሕተት ሲያሰላ ኖሮ ለትውልድ የቀረው ስሙ «አስማተኛው መነኩሴ» ሆነ።

ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ የሳይንስ ክበብ ለሚመሩ መምህራንና ቅዳሜያቸውን ለልጆቻቸው ለሚሰጡ ወላጆች የተጻፈ ነው። ዓላማውም ቤከን ያያቸውንና የለካቸውን ጥቂት ነገሮች ተማሪዎች በገዛ እጃቸው እንዲደግሟቸው ማስቻል ነው። ከስብከት ይልቅ ይህን መንገድ የመረጥኩት በልምድ ነው፤ «አስማት የለም» ብዬ ለአንድ ሰዓት ከተናገርኩበት ቀን ይልቅ ልጆቹ ቀስተ ደመናን ከጠበቁት ዲግሪ ላይ ያገኙበት ቀን ብዙ ሠርቷል።

በመጀመሪያ ተረቱን ይንገሩ፣ ቀጥሎ ቀኖቹን ይጻፉ

ከሕይወት ታሪኩ ሳይሆን ከተረቱ ይጀምሩ፤ ልጆች የሚያስታውሱት እሱን ነውና። በተረቱ መሠረት ቤከን ባንጌይ ከሚባል ሌላ መነኩሴ ጋር ሆኖ እንግሊዝን በናስ ግንብ ዙሪያዋን ለማጠር ፈለገና ምስጢሩን የሚነግረው ከናስ የተሠራ፣ የሚናገር ራስ ለመሥራት ሰባት ዓመት ደከመ። የናሱ ራስ የሚናገርበት ጊዜ ሲቃረብ ሁለቱን መነኮሳት እንቅልፍ አሸነፋቸው፤ ማይልስ የተባለውን አገልጋይ እንዲጠብቅ አዝዘው ተኙ። የናሱ ራስ ድንገት «ጊዜ አለ» አለ። አገልጋዩ ለዚህች ቃልማ ጌታዬን አልቀሰቅስም ብሎ ተወው። ቆይቶ «ጊዜ ነበረ» አለ፤ አሁንም ዝም አለው። በመጨረሻ «ጊዜ አለፈ» ብሎ ወደቀና ተሰባበረ።

ተረቱ እንዳለቀ ሰሌዳው ላይ አንድ አግድም መስመር ያስምሩና ሦስት ቀን ይጻፉበት። የመጀመሪያው 1267 ነው፤ ቤከን ለሮማው ጳጳስ ለክሌመንት አራተኛ ሰፊ ሥራውን ማዘጋጀትና መላክ የያዘበት ጊዜ ነው፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ስለ ናስ ራስ የሚያወራ ነገር የለም፤ ያለው ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ ብርሃንና ስለ ሙከራ ነው። ሁለተኛው 1370ዎቹ ነው፤ ቤከን በማኅበሩ አለቃ ታስሮ ነበር የሚለው ዜና የተጻፈው ያኔ፣ እሱ ከሞተ ሰማንያ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህም አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል። ሦስተኛው የ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው፤ የናሱ ራስ በለንደን ቲያትር መድረክ ላይ የወጣው በዚህ ጊዜ፣ ከሞቱ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ ተማሪዎቹን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ሰውየውን ያየው የትኛው ጸሐፊ ነው?

ይህ ተረት በቤከን ብቻ የተነገረ እንዳልሆነም ይጨምሩላቸው። የሚናገር ራስ ሠራ መባል በ1003 ባረፈው በሮማው ጳጳስ በሲልቬስተር ሁለተኛ፣ ቤከን እጅግ ያከብረው በነበረው በእንግሊዛዊው ጳጳስ በሮበርት ግሮስቴስት እና ታላቁ አልበርት በተባለው ጀርመናዊ ሊቅም ላይ ደርሷል። የእኛ ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም፤ በአንዱ ደብር የአንዱ አለቃ ተብሎ የሚተረክ ተአምር ጀልባ ተሳፍሮ ማዶ ሲሻገር የሌላ አለቃ ሆኖ እንደሚጠብቅ ከአያቶቻቸው ሰምተዋል።

ምስጢራዊነቱ ለወሬው የራሱን ድርሻ ሳያዋጣ አልቀረም። በ1260 የፍራንሲስካን ማኅበር አባላቱ ያለ አለቃ ፈቃድ መጽሐፍ እንዳያወጡ ደንግጎ ነበር፤ በ1266 ደግሞ ጳጳሱ ቤከን ጽሑፉን በምስጢር እንዲልክለት በደብዳቤ አዘዘ። በአንድ በኩል የተከለከለ፣ በሌላ በኩል በምስጢር የታዘዘ ሰው ሌሊት በሻማ ሲጽፍ ጎረቤት ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። የሚገርመው ግን ስለ አስማት ከንቱነት የሚያትት ደብዳቤ በስሙ የቀረለት ሰው መሆኑ ነው። በዚያ ደብዳቤ ላይ ቀዛፊ የሌላት መርከብ፣ እንስሳ የማይጎትተው ሠረገላና ሰው ተቀምጦበት የሚበር መሣሪያ በጥበብ ብቻ ሊሠሩ እንደሚችሉ ተጽፏል፤ የሰፈሩ ሰው የያዘው «ይበራል» የሚለውን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አስማተኛ የሚለውን ስም አውልቀው «ባሩድን የፈለሰፈ፣ መነጽርን የፈለሰፈ፣ የዓለም የመጀመሪያው ሳይንቲስት» የሚለውን አያልብሱት። ባሩድ ከእሱ በፊት በቻይና ይታወቅ ነበር፤ እሱ የጻፈው የአውራ ጣት ያህል ስለምታክል፣ ስትፈነዳ ከነጎድጓድ የበረታ ድምፅ ስለምታሰማ የልጆች መጫወቻ ነው። ስለ ብርሃን የጻፈውም አብዛኛው ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ በባስራ ተወልዶ በካይሮ ከሠራው ከኢብን አል-ሃይሠም የተማረው ነው። ሁለተኛው ተረት ከመጀመሪያው የሚለየው ካባው በመቀየሩ ብቻ ነው።

ቀስተ ደመናን መለካት

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ጊዜ ካነሰዎ ሌላውን ሁሉ ይተዉና ይህን ይሥሩ። ቤከን የሙከራን ጥቅም ለማሳየት የመረጠው ዋና ምሳሌ ቀስተ ደመና ነበር። አስትሮላብ በሚባለው የጥንት የሰማይ ከፍታ መለኪያ መሣሪያ ለክቶ የደረሰበት ነገርም ይህ ነው፦ የቀስተ ደመናው ጫፍ ከአድማስ በላይ ከ42 ዲግሪ አይበልጥም፤ ፀሐይ ከፍ ባለች መጠን ቀስቱ ዝቅ ይላል፤ ፀሐይ፣ የተመልካቹ ዓይንና የቀስቱ ማእከል ሁልጊዜ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ናቸው። እኛ የማርያም መቀነት ብለን የምንጠራው ነገር በጣና ላይ በክረምት ደጋግሞ ስለሚታይ ይህን ለማረጋገጥ ባሕር ዳርን የሚያህል ምቹ ቦታ ጥቂት ነው።

አስትሮላብ አያስፈልግም። ከተማሪ የሒሳብ ሳጥን አንድ ፕሮትራክተር ይውሰዱ፤ በቀጥታው ጠርዝ ላይ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ በማጣበቂያ ያያይዙ፤ በመካከለኛዋ ቀዳዳ ክር አሳልፈው ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ወይም ጠጠር ያንጠልጥሉ። ይህ የግንበኛ ቱንቢ ነው፤ ክሩ ሁልጊዜ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ስትሮው አግድም ሲሆን ክሩ 90 ላይ ያርፋል፤ ስትሮውን ወደ ላይ ሲያነሱ ክሩ ከ90 የሚርቀው ቁጥር የከፍታው ዲግሪ ነው። አንዱ ተማሪ በስትሮው ሲያይ ሌላው ከጎን ሆኖ ክሩን ያንብብ፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ላድርግ ካለ እጁ ይንቀሳቀስና ንባቡ ይበላሻል።

በዚህ መሣሪያ ፀሐይን በፍጹም አይመልከቱ፤ ተማሪዎቹንም ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ ያስጠንቅቁ። የፀሐይን ከፍታ የምንለካው በጥላ ነው። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ በደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙና የጥላውን ርዝመት ይለኩ፤ የዱላው ርዝመት ለጥላው ርዝመት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የፀሐይዋ ከፍታ ታንጀንት ነው፤ ዲግሪው በካልኩሌተር tan⁻¹ ቁልፍ ይገኛል። ለምሳሌ ጥላው ሁለት ሜትር ከ14 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፀሐይዋ 25 ዲግሪ ላይ ናት። እንግዲህ ቤከን እውነቱን ከሆነ የቀስተ ደመናው ጫፍ 42 ሲቀነስ 25፣ ማለትም 17 ዲግሪ ላይ መሆን አለበት። ይህን ስሌት ተማሪዎቹ ቀስቱን ከመለካታቸው በፊት ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ማድረግ የግድ ነው፤ አስቀድሞ የተጻፈ ቁጥር ኋላ ከታየው ጋር ሲገጥም የሚሰማው ነገር ሌላ ነው፤ ባይገጥምም የት እንደተሳሳቱ የሚፈልጉት ያኔ ነው። በዚህ ዓይነት መሣሪያ የሁለት ዲግሪ ልዩነት ቢመጣ አይደንግጡ።

ሰዓቱን መምረጥ ከመሣሪያው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ፀሐይዋ ከ42 ዲግሪ በላይ ስትሆን ቀስቱ ከአድማስ በታች ስለሚወርድ ሰማይ ላይ አይታይም። በባሕር ዳር በክረምቱ ወራት ይህ ማለት ከጠዋቱ 3፡30 እስከ ከሰዓት በኋላ 9፡30 ድረስ ዝናብና ፀሐይ ቢገናኙም በሰማይ ላይ ቀስተ ደመና መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው ማለት ነው። የሚያዋጣው ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በምዕራብ ስትወጣ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ወደ ምሥራቁ አቅጣጫ ይመልከቱ። ከሐይቁ ዳር የእግር መንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ከሆኑ ደግሞ አድማሱ ይበልጥ ይገለጣል። ጫፉ በደመና ተሸፍኖ አንዱ እግር ብቻ ከታየ አይለኩ፤ ቁጥሩ የሚሠራው ለጫፉ ብቻ ነው።

መለካቱ ሲያልቅ ቤከን ያስተዋለውን ሌላ ነገር ይሞክሩ። ሁለት ተማሪዎችን በመቶ እርምጃ አራርቀው ያቁሙና የቀስቱ እግር የትኛው ዛፍ ወይም የትኛው ቤት ላይ እንዳረፈ ለየብቻ እንዲጽፉ ያድርጉ። መልሳቸው ይለያያል። እያንዳንዱ ሰው የሚያየው የራሱን ቀስት ነው፤ ሲራመድም አብሮት ይራመዳል። የመቀነቱን ጫፍ ለመያዝ በልጅነቱ በሜዳ ላይ የሮጠ ሰው ለምን እንዳልደረሰበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ጢስ ዓባይ፣ ቀስቱ ከእግር በታች ሲሆን

ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለዚህ ሥራ ከሰማይ የተሻለ ነው፤ ዝናብ መጠበቅ አያስፈልግምና። 45 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ የሚወርደው ውሃ የሚያነሣው ጉም ራሱ ጠብታ ነው፤ እርስዎም ከጉሙ ከፍ ብለው ስለሚቆሙ ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ብትወጣም ቀስቱ ከዓይንዎ በታች፣ በጉሙ ላይ ይታያል። ጥላው 58 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ፀሐይዋ 60 ዲግሪ ላይ ናት፤ የቀስቱ ጫፍ እንግዲህ ከአግድሙ 18 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ስትሮውን ወደ ታች አዘንብለው ያነብባሉ። ያው ደንብ ነው፤ ተማሪዎች ግን ደንቡ ከአድማስ በታችም እንደሚሠራ ሲያዩ ይገረማሉ።

ከመሄድዎ በፊት ግን ውሃ መኖሩን አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። ከፏፏቴው በላይ የወንዙ ውሃ ለኃይል ማመንጫዎች ስለሚጠለፍ በበጋ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። እኔ ሳልጠይቅ በመጋቢት ወር ሃያ ሁለት ልጆች ይዤ ሄጄ ጥቁር አለት አይተን ተመልሰናል፤ ከልጆቹ አንዱ «አስማተኛው ውሃውን ወሰደው» ብሎ መንገዱን ሙሉ አሳቀን። አስተማማኙ ጊዜ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። መንገዱ ያን ጊዜ ጭቃ ነው፣ ከጉሙ አጠገብ ያለው አለትም ያንሸራትታል፤ ትንንሽ ልጆችን ወደ ጠርዙ አያስጠጉ።

በዚህ ቦታ ላይ ልጆቹ ዳቦአቸውን ሲበሉ የሚነገር ታሪክ አለ። ቤከን የተማረበትን የብርሃን መጽሐፍ የጻፈው ኢብን አል-ሃይሠም የዓባይን ሙላት መቆጣጠር እችላለሁ ብሎ ተናገረ፤ የግብፁ ገዥ አል-ሐኪም ይህን ሰምቶ አስጠራውና ወደ ወንዙ ላይኛው ክፍል ሰደደው፤ ሄዶ ሲያየው እንደማይሆን ገባው፤ የገዥውን ቁጣ ፈርቶም እብድ መስሎ በቤቱ ተዘግቶ ቆየ ተብሎ ይተረካል። እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ ያ ሰው ያልደረሰበት የወንዙ መነሻ አጠገብ ተቀምጦ እሱ ባስተማረው ጥበብ ብርሃንን መለካት ለእኔ ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነገር አለው።

ቤከን የሳተው፣ ብርሌ የሚያሳየው

ቤከን ልኩን አገኘ እንጂ ምክንያቱን አላገኘም። ቀስተ ደመና የሚፈጠረው ብርሃን ከጠብታዎች ላይ ነጥሮ በመመለሱ ብቻ መስሎት ነበር። ብርሃኑ ወደ ጠብታው ሲገባ እንደሚሰበር፣ በውስጥ ነጥሮ ሲወጣ ደግሞ ዳግመኛ እንደሚሰበር የተረዱት እሱ ከሞተ በኋላ በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው፦ የፍራይበርጉ ዲትሪሽ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴና ከማል አል-ዲን አል-ፋሪሲ የተባለ የፋርስ ሊቅ። አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ሁለቱም ውሃ የተሞላ ክብ ብርጭቆን እንደ አንድ ትልቅ ጠብታ ቆጥረው መረመሩ።

እኛ ዘንድ ለዚህ የተሠራ የሚመስል ዕቃ አለ፤ ብርሌ ነው። ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ብርጭቆው የጠራ ብርሌ አጥበው ንጹሕ ውሃ ይሙሉት። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ጊዜ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው ይቁሙ፤ አንድ ተማሪ ብርሌውን አንገቱን ይዞ ከፊትዎ በፀሐይ ላይ ያንሣው። የራስዎ ጥላ ካረፈበት አቅጣጫ 42 ዲግሪ ያህል ሲርቅ በብርሌው ጠርዝ በኩል ደማቅ ቀይ ነጥብ ይበራል፤ ተማሪው ብርሌውን በዝግታ ወደ ጥላዎ ሲያቀርበው ነጥቡ ወደ ብጫ፣ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ሰማያዊ ይለወጥና ይጠፋል። ቀዩ ለምን በውጭኛው ጠርዝ፣ ወይን ጠጁ ለምን በውስጠኛው እንደሆነ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም። ውሃ የተሞላ ብርሌ የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ስለሚያቃጥል በደረቅ ሣር ላይ ወይም በመስኮት አጠገብ ትተውት አይሂዱ።

ንባብ የከበዳቸው አያት ካሉ የቤከንን ሌላ ምክር በዚያው ቀን መሞከር ይቻላል። እሱ እንደጻፈው ከክብ መስተዋት የተቆረጠ፣ ከግማሽ ክብ ያነሰ ቁራጭ ጎባጣው ወደ ዓይን ሆኖ ፊደል ላይ ቢቀመጥ ፊደሉን ያጎላዋል፤ ለሽማግሌዎችና ዓይናቸው ለደከመም ይጠቅማል። አንድ የውሃ ጠብታ በንጹሕ ላስቲክ ላይ አድርገው ደቃቅ ጽሕፈት ካለው ዳዊት ላይ ጥቂት ከፍ አድርገው ይያዙ። ጠብታው ታቹ ጠፍጣፋ፣ ላዩ ጎባጣ ነውና ቤከን ያለው ቁራጭ ራሱ ነው። ዳዊቱ የብራና ከሆነ ግን ውሃውን ከአጠገቡ ያርቁ።

የቆርቆሮ ቤት ወለል

ይህኛው ምንም ዕቃ አይጠይቅም። በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የምስማር ቀዳዳ ያፈሰሰውን ክብ የብርሃን ሳንቲም በወለል ላይ አይቷል። ቀዳዳው የተቀደደ፣ ማእዘን ያለው፣ እንዲያውም ስንጥቅ የሚመስል ሆኖ ሳለ ብርሃኑ ለምን ክብ ይሆናል? ቤከን በዚህ ጥያቄ ላይ ጽፏል፤ እሱን ጨምሮ ብዙ ሊቃውንት ተጨንቀውበታል። መልሱ ብርሃኑ የቀዳዳው መልክ ሳይሆን የፀሐይዋ ምስል መሆኑ ነው።

ለማረጋገጥ በካርቶን ላይ በቢላ ትንሽ ሦስት ማእዘን ቀዳዳ ያውጡ፤ የፀሐይ ብርሃን በሚገባበት በር ወይም መስኮት ላይ ይያዙትና ብርሃኑን በነጭ ወረቀት ይቀበሉ። ወረቀቱ ከቀዳዳው አጠገብ ሲሆን ሦስት ማእዘን ያያሉ፤ ሲያርቁት ክብ ይሆናል። ቀዳዳው እጅግ ትንሽ ከሆነ የክቡ ስፋት ከቀዳዳው ያለውን ርቀት ለ108 ያህል በማካፈል ይገኛል፤ ሦስት ሜትር ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ክብ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ፀሐይ ስትጋረድ በባሕር ዳር ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ቀዳዳ አጠገብ የነበረ ሰው ግድግዳው ላይ ክብ ሳይሆን ማጭድ የመሰለ ብርሃን ማየት ይችል ነበር። ለሚቀጥለው ግርዶሽ መነጽር ከመሻማት ይልቅ ይህን ማስተማር ይሻላል።

የእኩሌታ ቀን ጥላ

የመጨረሻው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ለባሕረ ሐሳብ ቅርብ ለሆነ ሰውም ልብ የሚነካ ነው። ቤከን ለጳጳሱ ከላካቸው አቤቱታዎች አንዱ ዘመን አቆጣጠሩ ከፀሐይ እየራቀ ነው የሚል ነበር፤ ስሕተቱን በ125 ዓመት ገደማ አንድ ቀን አድርጎ ገመተው። አውሮፓ ይህን ያረመችው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በ1582 ነው። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን የምትጨመርበትን ያንኑ የጥንት ደንብ እስከ ዛሬ ስለያዘ፣ የቤከንን ስሌት ከጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይልቅ በእኛ ቀን መቁጠሪያ ላይ መፈተን ይቀላል።

ከመጋቢት 9 ቀን ጀምረው ያንኑ የአንድ ሜትር ዱላ በደልዳላ ግቢ ውስጥ ያቁሙ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ትንሽ ችካል ይምቱ። በሌሎች ቀናት ችካሎቹ ጎበጥ ያለ መስመር ይሠራሉ፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ቀን ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በክር የተለካ የሚመስል ቀጥታ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ከ6 ሰዓት ተኩል ትንሽ አልፎ ጥላው ከሁሉ ሲያጥር በባሕር ዳር ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ገደማ ይሆናል። ይህ ቀን ዛሬ መጋቢት 11 ወይም 12 ላይ ይውላል። በቤከን ዘመን በእኛው አቆጣጠር ቢሰላ መጋቢት 17 ገደማ ነበር። በ750 ዓመት ውስጥ ስድስት ቀን ማለት ነው፤ ተማሪዎቹ 750ን ለ6 ያካፍሉና መነኩሴው ከጻፈው ቁጥር ጋር ያስተያዩት።

ይህን ሲያስረዱ አቆጣጠራችን «ስሕተት» ነው ወደሚል ክርክር እንዳይገቡ እመክራለሁ። አቆጣጠራችን የራሱን ደንብ ሳያፋልስ የሚሄድ ነው፤ እዚህ የምንፈትነው የአንድ ሰው ስሌት ከጥላ ጋር መግጠሙን ብቻ ነው። ከተማሪዎችዎ መካከል የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ካለ መጥቅዕንና አበቅቴን እሱ ለሌሎቹ ያስረዳ፤ ከመምህሩ በላይ ያውቃልና።

ሥራው ሲያልቅ ችካሎቹን አይንቀሉ፤ ዱላውንም ከቦታው አያንቀሳቅሱ። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታልፍ የቀትር ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ዱላውም ሣር ይበቅልበታል፣ ዶሮም ትቆምበታል። መስከረም 12 ወይም 13 ቀን ሣሩን አጭደው እንደገና ይጠብቁ፤ ጥላው በመጋቢት በተመቱት ችካሎች ላይ አንድ በአንድ እያረፈ ያልፋል።